ነፍስ ያለው ባትሪ

መኪና አልነሳ ባለበት ሁሉ ከሞተሩ ቀድሞ የሚነሳ ሰው አለ። ማንም አልጠራውም። ሹፌሩ ቁልፉን ሁለተኛ ሳያዞር፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መስኮቱ ላይ ይቆማል፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ራሱን ግራና ቀኝ ነቅንቆ፣ "ባትሪ ነው" ይላል። ቤንዚን አልቆም ቢሆን ባትሪ ነው። ጎማ ፈንድቶም ቢሆን ትንሽ ካሰበ በኋላ ነገሩን ከባትሪ ጋር ያገናኘዋል። በአገራችን እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ ካለ፣ ያ ከተማ መኪና ያልገባበት ነው።

በደርግ ጊዜ ለደሴ የደረሷት ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ነበሩ። ሙሉ ስማቸውን የሚጠራው ቀበሌው ብቻ ነው፤ ለሌላው ሰው ጋሽ ዘይኑ ናቸው። ፒያሳ ላይ አቡጀዲና ሽርጥ ይሸጣሉ። ስለ መኪና ያስተማራቸው ሰው የለም፤ ያላቸው አንዲት ነጭ ፎልስዋገን ናት። ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ እሷም ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን ግቢ ውስጥ ተገትራ ትውላለች። የቆመች መኪና ደግሞ ባትሪዋ ይወርዳል፤ በደሴ ብርድ የቆመችማ አትነሳም። አዲስ ልግዛ ቢሉ የመንግሥት መደብር ወረፋ አለ፤ ወረፋው እስኪደርስ መኪናዋም ባለቤቷም ያረጃሉ። ስለዚህ ጋሽ ዘይኑ በዚህ ዓለም ላይ አንድ የሚኖሩለት ዓላማ ነበራቸው፤ እሱም ያ ባትሪ እንዳይሞት ነው።

የፎልስዋገን ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ጋሽ ዘይኑ ማታ ማታ ወንበሩን አንስተው፣ ባትሪውን ፈትተው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው ወደ ቤት ያስገቡታል። በአሮጌ ጋቢ ይጠቀልሉትና ከአልጋው ግርጌ ያስተኙታል። ባለቤታቸው እትዬ ከሪማ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቆይተው ለመዱት፤ በኋላ በኋላ "ዛሬ እኮ በደንብ አልተሸፈነም" ማለት ጀመሩ። ልጅ አልነበራቸውም። ሰፈሩ አፈ ክፉ ስለሆነ "አላህ ልጅ ቢነሳቸው ባትሪ ሰጣቸው" ይባል ነበር። እሳቸውም ሰምተዋል፤ ሰምተውም ማታ ጋቢውን ደርበውለት ይተኛሉ።

አነዳዳቸው ደግሞ ራሱን የቻለ ሕግ ነበረው። ክላክስ አይነፉም፤ ክላክስ ባትሪ ይበላል። ሰው መንገድ ከዘጋባቸው አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው "እባክህ ወንድሜ፣ ወዲያ በልልኝ!" ይላሉ። ፍሬቻ አያበሩም፤ ክንዳቸውን ይዘረጋሉ። ደሴ ጉም ሲጥልባት እንኳ መብራት አይታሰብም፤ እትዬ ከሪማ ከጎናቸው ተቀምጠው "ሰው አለ… የለም በግ ነው… ኧረ ሰው ነው!" እያሉ ያስነዷቸዋል። ሬዲዮኑንማ መኪናዋን የገዙ ዕለት ነቅለውታል።

"ባትሪ ነፍስ አለው" ይላሉ። "ነፍስ ያለው ነገር ብርድ ላይ አይተኛም። ውሃ ይጠማዋል። ሲቆሽሽ ይታመማል። ሲያጣድፉት ይሞታል።" ይህን የሚሉት ለተሳፋሪም፣ ለገበያተኛም፣ ለቅሶ ለመጣም ሰው ነው። ሽርጥ ልትገዛ ሱቃቸው የገባች ሴት የዝናብ ውሃ ለባትሪ ስላለው ጥቅም ተምራ ትወጣለች፤ ሽርጡን አንዳንዴ ረስታው ትሄዳለች።

ከጎረቤት ሁሉ ይህን ትምህርት አጥብቃ የምትሸሸው የኔነሽ ነበረች። የኔነሽ ባሏ የሞተባት፣ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ የምታጥብ፣ ከጋሽ ዘይኑ ጋር አጥር የምትጋራ ሴት ናት። ጠዋት ሥራ ስትሄድ የፎልስዋገኗ በር ተከፍቶ ጀርባቸው ብቅ ያለ እንደሆነ በጓሮ ዞራ ታልፋለች። አንድ ቀን ሳትዞር ተይዛ ሥራ ገበታዋ ላይ አርፍዳ ደረሰች። አለቃዋ ምክንያቱን ቢጠይቃት "ባትሪ" አለች። መኪና የሌላት ሴት በባትሪ ምክንያት እንዴት እንደምታረፍድ ማስረዳት ስላልቻለች ተግሣጿን ተቀብላ ገባች። ከዚያ ወዲህ ባትሪ የሚለውን ቃል ስትሰማ ጥርሷን ያማታል።

ልጇ ደጉ ግን በእሷ አልወጣም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ውሎው ጋሽ ዘይኑ ግቢ ነው። "አባባ ዘይኑ፣ ውሃ ሲጠማውስ በምን ይታወቃል?" ይላል። ጋሽ ዘይኑን በዓለም ላይ ወዶ ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ ጥያቄውን የሚመልሱለት ደግሞ እስኪመሽ ነው።

ያንን ልጅ ነው እንግዲህ ለብሔራዊ ውትድርና የወሰዱባት። ከትምህርት ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ ያዙት። የኔነሽ እጇን ሳሙና እንደነካው ሮጣ ቀበሌ ስትደርስ መኪናው ሄዷል። አልሳመችው፣ አልመረቀችው። ከዚያ ቀን በኋላ እህል በጉሮሮዋ የሚወርደው በግድ ነበር። ልጅ ሳይመረቅ እንዴት ጦር ሜዳ ይሄዳል? ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ ብላ ከእግዜር የምትለምነው አንድ ነገር ነበር፤ አንዴ ብቻ እጇን ራሱ ላይ ጭና እንድትመርቀው።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሙሄዲን የሚባል የሰፈራቸው የጭነት መኪና ሹፌር እያለከለከ መጣ።

"እትዬ የኔነሽ! ደጉን አየሁት ወላሂ! ከሚሴ ላይ፣ ወታደር በጫኑ ዚል ካሚዮኖች ውስጥ። 'ለእናቴ ንገርልኝ' አለኝ። ወደ አሰብ መስመር ነው የሚሄዱት። ኮምቦልቻ ትንሽ አርፈው በባቲ በኩል ይታጠፋሉ፤ ደሴ አይወጡም። ከደረሽም አሁን ነው!"

አውቶቡስ እስኪሞላ ቀኑ ያልፋል። ሙሄዲን የጭነት መኪናውን ለድርጅቱ አስረክቦ ነው የመጣው፤ በሰፈሩ ያለችው መኪና አንዲት ናት። የኔነሽ ነጠላዋን መሬት እያስጎተተች ጋሽ ዘይኑ በር ላይ ደረሰች፤ ነገሩን በወጉ ሳትጨርሰው እሳቸው ቁልፋቸውን ይዘዋል።

"አብሽሪ! አሁኑኑ እንወርዳለን" አሉ። ይህን ብለው እንደማንኛውም ቀን ጀመሩ።

ባትሪው ከነጋቢው ወጣ። ጋቢው ታጠፈ። የሽቦዎቹ ማሰሪያዎች በጨርቅ ተወለወሉ፤ ቫዝሊን ተቀቡ። የባትሪው ክዳኖች አንድ በአንድ ተከፍተው ውሃው ታየ። የኔነሽ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ትነክሳለች። "ጋሽ ዘይኑ፣ በእመቤቴ!" ስትል "ሲያጣድፉት ይሞታል" ይሏታል። ያን ጊዜ የተሰማትን ለንስሐ አባቷ እንጂ ለሌላ ሰው አልተናገረችውም። ወንበሩ ተመለሰ፤ "ቢስሚላህ" ተባለ፤ ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ሲወርዱ እንኳ፣ በየመታጠፊያው ክላክስ የሚነፋበት መንገድ ላይ፣ ጋሽ ዘይኑ አንገታቸውን አውጥተው እየጮኹ ወረዱ።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ዚሎቹ የባቲ መገንጠያ ላይ ተሰልፈዋል። ምልምሎቹ ተጭነዋል፤ የፊተኞቹ ሞተር ተነስቷል። የኔነሽ ከፎልስዋገኗ ስትወርድ የፊተኛው ተንቀሳቀሰ። "ደጉ! ደጉዬ!" እያለች በሰልፉ ጎን ሮጠች። ራሳቸውን የተላጩ ልጆች ሁሉ አንድ መስለው ታዩዋት። ከመጨረሻው መኪና "እማዬ!" የሚል ድምፅ መጣ። ድምፁን አወቀችው፤ ፊቱን ግን ፈልጋ አጣችው።

"ወደ ኋላ እናቴ! መቅረብ ክልክል ነው!" አላት ጠባቂው።

የመጨረሻው ዚል ሹፌር ቁልፉን አዞረ። ቀጭ አለ እንጂ ሞተሩ አልተነሳም። ደግሞ አዞረ፤ ቀጭ። ከፊት ያሉት መኪኖች አላዩም፤ አቧራቸውን ትተው በባቲ በኩል ታጠፉ። የኔነሽ ባትሪ የወደቀበት መኪና አይታ ደስ ሲላት በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው።

የመኪናው ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ቀለሙ ከጋቢናው ዘለው ወረዱ። በእጅ እየተዘወረ ሞተር የሚያስነሳው ብረት የት አለ ቢሉ፣ ሹፌሩ መንገድ ላይ እንደጠፋ ነገራቸው። ሃምሳ አለቃው ሹፌሩን የሚገባውን ያህል ከሰደቡት በኋላ ወደ ተሰበሰበው ሕዝብ ዞሩ።

"እዚህ አገር ባትሪ የሚያውቅ ሰው የለም?"

የኔነሽ ዘወር ብላ አየች፤ ጋሽ ዘይኑ ከጎኗ የሉም።

"ባትሪ ነው" አሉ ጋሽ ዘይኑ፣ ከሃምሳ አለቃው ጀርባ።

በቃ ሊያስነሱት ነው አለች በሆዷ። እኚህን ሰውዬ ባትሪ አይተው ዝም በሉ ማለት አይቻልም። ጋሽ ዘይኑ ጎንበስ ብለው የዚሉን ባትሪ ለአፍታ አዩት። ቀና አሉ። የተጫኑትን ልጆች አዩ፤ የኔነሽን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ባትሪ ነፍስ አለው።"

"ይሁን አባት። ይነሳል አይነሳም?"

"ሲያጣድፉት ይሞታል።"

"ይነሳል ወይ ነው የምልዎት!"

"ኢንሻ አላህ። መጀመሪያ ግን የተጫነው ሰው ሁሉ ይውረድ።"

"ለምን?"

"ሰው ላዩ ላይ ተቀምጦ ባትሪ አይመረመርም።"

የኔነሽ ይህን ሕግ ታውቀዋለች። ፎልስዋገኗ ላይ እውነት ነው፤ ተሳፋሪው ካልተነሳ ወንበሩ አይነሳም። የዚሉ ባትሪ ግን ከጋቢናው አጠገብ ነው፤ ምልምሎቹ ወረዱ አልወረዱ ግድ የለውም። ሹፌሩም ይህን ሊናገር አፉን ከፈተ። ጋሽ ዘይኑ ትክ ብለው አዩት። ሕዝብ ፊት የተሰደበ ሹፌር ሌላ ስድብ አይጨምርምና አፉን ዘጋው።

"ውረዱ!" አሉ ሃምሳ አለቃው። "ጥላው ሥር! ንቅንቅ የሚል ሰው እንዳላይ!"

ደጉ ወርዶ መንገዱ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ቆመ። የኔነሽ ደርሳ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ጠባቂው አንዴ አያት፤ ከዚያ ሌላ የሚታይ ነገር ፈለገ።

"ከስተሃል።"

"አልከሳሁም እማዬ። ፀጉሬን ተላጭቼ ነው።"

"ጫማው ጠቦሃል መሰለኝ፤ ታነክሳለህ።"

"ኧረ ሰፍቶኝ ነው።"

ያንን ሁሉ ወር ስታስበው የኖረችው ነገር ሁሉ ብን ብሎ ሄደ። እንዳይረሳት ፈርታ ሁለት እጇን ራሱ ላይ ጫነች። "እመቤቴ በፊትህም በኋላህም ትሁን። ጥይቱ ይሳትህ። ክፉ አይይህ፤ አንተም በሰው ላይ ክፉ አታድርግ። አንተ ቅበረኝ እንጂ እኔ አልቅበርህ" አለች። ደጉ "አሜን" አለ። አጠገቡ የተቀመጡትም ልጆች፣ እናታቸውን ያላገኙት፣ "አሜን" አሉ። እሷም እጇን ዘርግታ በየተራ ራሳቸውን ነካች።

ጋሽ ዘይኑ በበኩላቸው ሥራ ላይ ናቸው። ሙቅ ውሃ ይምጣ አሉ፤ ከሻይ ቤት መጣ። በጣም ሞቀ፤ ይቀዝቅዝ ተባለ። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሶዳ ያስፈልጋል ተባለና ሹፌሩ ሱቅ ሄደ። ሃምሳ አለቃው ኮታቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትምህርቱ በራሳቸው ላይ ይወርዳል።

"ልጆቹ ገፍተው ያስነሱት!" አሉ ድንገት ብድግ ብለው።

"ይገፋል" አሉ ጋሽ ዘይኑ። "እዚህ ይገፋል ጓድ፣ ኮምቦልቻ ሜዳ ነው። ሚሌ በረሃ ላይ ሞተሩ ቢጠፋብዎትስ? በዚያ ሐሩር ማን ይገፋል? ወንበዴ ይገፋልዎታል?"

ሃምሳ አለቃው ተመልሰው ተቀመጡ።

ደጉን እንቅልፍ አሸነፈው። ስንት ሌሊት እንዳልተኛ ማንም አያውቅም፤ እናቱ ጭን ላይ ራሱን ጥሎ፣ እንደ ልጅነቱ ጉልበቱን አጥፎ ተኛ። የኔነሽ በነጠላዋ ዝንብ እየከለከለች ጆሮዋን አቆመች። ጋሽ ዘይኑ ገና ስለ ብርድ እያወሩ ነው። ቅደም ተከተሉን ታውቀዋለችና ተጽናናች፤ ከብርድ ቀጥሎ ጽዳት አለ፣ ከጽዳት ቀጥሎ የዝናብ ውሃ አለ፣ የዝናብ ውሃ ደግሞ ከጉድጓድ ውሃ፣ ከምንጭ ውሃና ከቧንቧ ውሃ ጋር መወዳደር አለበት። ስትሸሸው የኖረችውን ነገር እንዳያልቅባት ጸለየች። አንድ ቦታ ላይ ሰውዬው ስለ ምንጭ ውሃ ሳይናገሩ ሊያልፉ ሲሉ ልቧ ስንጥቅ አለ፤ ደግነቱ ትዝ ብሏቸው ተመለሱ።

ጥላው ከዋርካው ወዲያ ማዶ ዞረ። ባትሪው በሶዳ ታጥቦ "ፀሐይ ይምታው" ተብሎ ሜዳ ላይ ተቀምጧል። ሃምሳ አለቃው ፀሐዩን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ጥላው ሥር የተጋደሙትን ልጆች አዩ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

"አንተ ሽማግሌ! ምን እየሠራህ ነው? ይኼ አሻጥር ነው!"

በዚያ ዘመን ያቺ ቃል የተጠራችበት ሰው ቤቱ ላይገባ ይችላል። የተሰበሰበው ሕዝብ አንድ በአንድ ሥራ እንዳለበት አስታወሰ። ጋሽ ዘይኑ የያዙት ጨርቅ እጃቸው ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቢሆንም "ፀሐይ ካልመታው ጓድ…" አሉ፤ ድምፃቸው ከዚያ አላለፈም።

የኔነሽ አየቻቸው። እነዚያ ባትሪ ታቅፈው የሚያስተኙ እጆች ናቸው የሚንቀጠቀጡት። ልጇን ቀስ አድርጋ ቀሰቀሰችው፤ "ተነስ የኔ ልጅ፣ ጫማህን እሰር" አለችው። ተነስታም ወደ ዚሉ ሄደች።

"ጋሽ ዘይኑ" አለች። "ደርቋል። ይበቃል። ያስነሱት።"

ጋሽ ዘይኑ ዓይን ዓይኗን አዩ። "መርቀሽዋል?" አሉ በሹክሹክታ።

"መርቄዋለሁ።"

"እንግዲያው ይሁን" አሉ። ይህን ብለው ወደ ዚሉ ሳይሆን ወደ ፎልስዋገኗ ሄዱ፤ የኋላ ወንበሩን አነሱ። የራሳቸውን ባትሪ ፈትተው፣ ታቅፈው መጡ። ማንም እንዲረዳቸው አልፈቀዱም። የዚሉን አሮጌ ባትሪ አውጥተው የራሳቸውን አስገቡ፤ በቦታው ሰፍቶት ስለተወዛወዘ ዙሪያውን በገመድ አሰሩት፤ ማሰሪያዎቹን አጠበቁ፣ ቫዝሊን ቀቡ።

"አዙረው!" አሉ። ዚሉ በአንድ ቁልፍ ጓ ብሎ ተነሳ።

"ጫን! ጫን!" ሆነ። ደጉ እናቱን ሁለቱንም ጉንጯን ስሞ ሮጠ። ጋሽ ዘይኑ ገና ሹፌሩን በመስኮት ይዘውት "ክላክስ አታብዛ፣ ማታ በጨርቅ ሸፍነው፣ ውሃውን እያየህ…" እያሉት ነበር፤ ሃምሳ አለቃው በሩን ዘግተው "ንዳው!" አሉ። አቧራው ሲበን የኔነሽ እጇን አውለበለበች። የትኛው እጅ እንደመለሰላት አላወቀችም።

ሁለቱ መንገድ ዳር ቀሩ፤ በመካከላቸው አሮጌው የዚል ባትሪ ተቀምጧል።

"ያለ እርስዎ ባትሪ አይነሳም ነበር?" አለች።

"ይነሳ ነበር። ማሰሪያው ነው የላላው፤ ገና ሳየው አውቄዋለሁ። በእጅሽም ይጠብቃል።"

"ታዲያ ለምን የእርስዎን ሰጧቸው?"

ጋሽ ዘይኑ የተቆጡ መሰሉ። "ዛሬ ተነስቶ ነገ በረሃ ላይ ይሞታላ! ያረጀ ነው፤ ውስጡ አልቋል። ልጁ እኮ እላዩ ላይ ነው የኔነሽ!"

ፎልስዋገኗን አንድ የሚያውቁት ነጋዴ ግቢ አስገፍተው አስገቧት። አመሻሹ ላይ በአውቶቡስ ወደ ደሴ ወጡ። የሐረጎን ዳገት ሲወጡ ጋሽ ዘይኑ ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። አውቶቡሱ እየተንፈራፈረ፣ መብራቱ እየጨለመ ሲሄድ እንኳ ምክንያቱን ለማንም አልነገሩም። የኔነሽ ጨነቃት። ወረፋ ተጠብቆ የማይገኝ ባትሪ ነው፤ ከእንግዲህ መኪናዋ ግቢ ውስጥ የዶሮ ማደሪያ መሆኗ ነው።

"ባትሪው ቆጨዎት አይደል?" አለች።

"የምን ባትሪ?" አሉ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "ያን ሁሉ ሰዓት ከሰውዬው ጋር ስለፈልፍ፣ ልጁን ሳልስመው ሄደ።"

ደጉ ዋርካው ሥር የማንንም ስም አላነሳም፤ ተኝቶ ነው የዋለው። ያም ሆኖ የኔነሽ ወደ እሳቸው ተጠግታ፣ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው እያየ ትከሻቸውን ሳመች።

"'አባባ ዘይኑን ሳሚልኝ' ብሎኝ ነው የሄደው።"

ጋሽ ዘይኑ ቀስ ብለው ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"እንዲያ ብሎ?"

"ወላሂ" አለች የኔነሽ።